ድግስ የማይጠይቅ ደቦ
ቤት ለመሥራት አገር አቋርጦ ስለመሄድ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

እንደሚታወቀው ክረምት በገባ ቁጥር “የበጎ ፈቃድ አገልግሎት” የሚለው ቃል ከቴሌቪዥናችን አይጠፋም። በተለይ ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ከችግኝ ተከላ ቀጥሎ የክረምቱ ዋና ዜና ሆኗል። ወጣቶች ጭቃ ሲረግጡ፣ አንድ ባለሥልጣን መዶሻ ይዞ ሚስማር ሲመታ፣ በመጨረሻም አንዲት እናት ቁልፍ ተቀብለው ሲመርቁ እናያለን። ዜናው ሁለት ደቂቃ ነው። አለቀ።

እኔ ግን የተወለድኩት እስቴ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ላደገ ልጅ ቤት ሲሠራ ማየት ብርቅ አይደለም። እና ያንን ዜና ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሠሪዎቹ ከየት መጡ? የት አደሩ? ማን አበላቸው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተራ ቢመስሉም አንድ የበጎ ፈቃድ ሥራ ባለቤቱን የሚጠቅም ይሁን ወይም የሚያስቸግር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ። መጀመሪያ ግን ሩቅ አገር ሄደን እንመለስ።

ቤታቸውን እየነዱ ቤት የሚሠሩ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1976 ሚላርድ ፉለርና ባለቤቱ ሊንዳ ፉለር በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አሜሪከስ በምትባል ከተማ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ድርጅቱ ለድሃ ቤተሰብ ቤት በነጻ አይሰጥም። ቤተሰቡ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ በገዛ ጉልበቱ ይሠራል፤ የቤቱንም ዋጋ ትርፍ ሳይጨመርበት ቀስ እያለ ይከፍላል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምረው ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር መዶሻ ይዘው በመሥራታቸው ድርጅቱ በዓለም ታወቀ። ካርተር እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ ከፕሬዚዳንትነታቸው እኩል የተነሣላቸው ይኸው መዶሻ ነበር። ሃቢታት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአገራችንም ሠርቷል።

ከድርጅቱ በጎ ፈቃደኞች መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅሙን ግን “ኬር-ኤ-ቫነርስ” የተባሉት ናቸው። እነዚህ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች ናቸው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው መኪና አላቸው፤ አንዳንዱ ራሱ የሚነዳ፣ አንዳንዱ በሌላ መኪና የሚጎተት ነው። በዚያ መኪና ከግዛት ወደ ግዛት እየተጓዙ ቤት ወደሚሠራበት ቦታ ይሄዱና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ሠርተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የግድ አናጢ ወይም ግንበኛ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ሥራውን እዚያው ያሳዩአቸዋል።

ልብ በሉ፣ የዚህ ነገር ብልሃቱ ያለው መኪናው ላይ አይደለም። ብልሃቱ እንግዳው አልጋውንም እንጀራውንም ይዞ መምጣቱ ነው። ተቀባዩ መንደር መኪና ማቆሚያ ቦታ ብቻ ያዘጋጃል። ማንም “የት ላሳድራቸው? ምን ላብላቸው?” ብሎ እንቅልፍ አያጣም። ይህችን ነገር ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ደቦና ወንፈል

በእኛ አካባቢ ቤት ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም። የሥራ መረዳዳቱ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው ወንፈል ነው። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ ነገ እኔ ላንተ አንድ ቀን እሠራለሁ። ቀኑ በቀን ይመለሳል። ሁለተኛው ደቦ ነው። ደቦ ላይ አንድ ሰው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይጠራል፤ የመጣው ሰው ቀኑን ቆጥሮ አይጠይቅም። በምትኩ ደቦ ጠሪው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥራው በዘፈንና በፉከራ ይደምቃል፤ ማታ ላይ ጠላው ይከተላል። ጅጊ የሚሉትም አካባቢ አለ፤ ነገሩ ያው ነው።

ለምን በአንድ ቀን ብዙ ሰው ይፈለጋል? ከቤቱ አሠራር የተነሣ ነው። በመጀመሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚ ይተከላል፤ ቆላ ከሆነ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩ በእሳት ይለበለባል፣ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ቀጥሎ ማገር ይማገራል። ከዚያ ጣራው ይመጣል። ወራጁን ብዙ ሰው ይዞ በአንድ ጊዜ ካላነሣው አይሆንም፤ ሁለት ሰው ለሳምንት ቢታገል የማይችለውን 20 ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ማለት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ጭቃው ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ተቦክቶ ይረገጣል፣ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፣ እንደገና ይረገጣል። ሳይሰነብት የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውኃው የሚቀዳው ደግሞ ከሩቅ ነው፤ የሚቀዱትም ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲታይ ደቦ ፍጹም ይመስላል። አይደለም። ጉድለቱን ከሩቅ ያለ ሰው አያየውም እንጂ የመንደሩ ሰው ያውቀዋል።

ደቦ መጥራት የማይችለው ማን ነው?

እስኪ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 30 ሰው ለአንድ ቀን ተጠራ እንበል። አንድ ሰው በምሳና በማታ 3 እንጀራ ቢበላ 90 እንጀራ ነው። ወጡ ሌላ ነው፤ ጠላው ሌላ ነው። ጌሾና ብቅል መግዛት፣ መፍጨት፣ መጋገር፣ እንጨት መልቀም፣ ቢያንስ ሦስት አራት ሴት ለብዙ ቀን ትያዛለች። አንድ ቤት ደግሞ በአንድ ቀን ደቦ አያልቅም።

ታዲያ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተሰደዱባት፣ እርሻዋን ለእኩል የሰጠች አሮጊት ይህን ከየት ታመጣለች? ወንፈል እንዳትል ጉልበት የላትም፤ የወሰደችውን ቀን መመለስ አትችልም። ደቦ እንዳትል ድግስ የላትም። ስለዚህ ቤት የሚያስፈልጋት ሰው ቤት ለመሥራት የተዘጋጀው ባህል ውስጥ መግባት ያቅታታል። ቤት ሲቃጠልና ሐዘን ሲደርስ ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ እንጨቱንም ሣሩንም ይዞ ይመጣል። በዓመት በዓመት ቀስ እያለ የሚዘምም ቤት ግን እሳት አይደለም፤ ማንም አይጮኽለትም።

ጋይንትና ስማዳ የዝናብ እጥረትና የመሬት መሸርሸር ያጠቃቸው አካባቢዎች እንደሆኑ የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትንም ስማዳንም ጨምሯል። እንግዲህ እንጀራ ራሱ በቁጥር በሚበላበት ቤት 90 እንጀራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ክፍተቱ ይኸ ነው። ከውጭ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ጠቃሚ የሚሆነው ይህን ክፍተት ሲደፍን እንጂ መንደሩ ራሱ የሚችለውን ሲሠራ አይደለም።

ተማሪው ሲዘምት

ተማሪ አገር አቋርጦ ሄዶ መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ሄዶ እንዲያገለግል የሚያስገድድ አሠራር ተጀመረ፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ሠሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ “የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ” ብሎ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ላከ። ዘማቾቹ ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠሩ፣ የመሬት አዋጁንም አስረዱ። ነገር ግን መዝመት ግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ርዕስ የሚቀርበው የ1977 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ የድርቅ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ክፍለ ሀገራት ብዙ ሰው አንሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላና ሌሎች ቦታዎች ሲያሰፍር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሠፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ተልከው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሠሪው በትእዛዝ መጥቷል፣ ባለ ጎጆዎቹም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የመጡ አልነበሩም። ጎጆው ተሠራ፤ ግን ማን የት እንደሚኖር የወሰነው ሠሪውም ኗሪውም አልነበረም። ቤት ቆመ ማለት ሰው ቤት አገኘ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። የተማሪው ላብ እውነተኛ ነበር። የጎደለው ፈቃዱ ነው፤ የሠሪውም የኗሪውም።

የኛ ካራቫን፦ በሶና ጋቢ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር። በዚያ ጊዜ በሰው ላይ የደረሰው በደል ተነግሯል፣ ተጽፏልም፤ እዚህ አልደግመውም። በተከታዩ ዓመት ክረምት፣ በ2014 ዓ.ም. ማለቴ ነው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የወጣቶች ማኅበር ከእስቴ ወደ ላይ ጋይንት ለሥራ ወሰደን። 22 ነበርን። የሄድነው በአይሱዙ ጀርባ ነው። የወረታ ወልዲያው መንገድ፣ ሰው ቻይና መንገድ የሚለው፣ አስፋልት ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር፤ ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ግን ከመኪናው ይልቅ እግራችን ፈጠነ።

አስተባባሪያችን አንድ የአናጢነት ሥራ የሚያስተምር መምህር ነበር። ከመነሣታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስጠነቀቀ፤ “ጋቢ የሌለው፣ በሶና ቆሎ ያልያዘ እንዳይመጣ። የማንንም እንጀራ ልንበላ አንሄድም።” ማደሪያችን በዕረፍት ምክንያት ባዶ የነበረ የትምህርት ቤት ክፍል ሆነ። እንግዲህ የአሜሪካኖቹ መኪና ለእኛ ጋቢና የበሶ ከረጢት ነበር ማለት ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው።

የምንሠራላቸው እማሆይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምሳ እንደማንበላ ሲሰሙ ከፋቸው። “ምነው ልጆቼ! ቤቴን ሠርታችሁ እህል ሳትቀምሱ ልትሄዱ? እኔ ለማኝ ነኝ ወይ?” አሉ። አስተባባሪው “ኧረ አይደለም እማሆይ፣ እንዳይቸገሩብን ብለን ነው እንጂ” አላቸው። “ታዲያ አንተ ምን አገባህ በችግሬ? ችግሬን እኔ አውቀዋለሁ” ብለው ዝም አሰኙት። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በኋላ የሰፈሩ አንድ ቄስ ገብተው አስታረቁ። ስምምነቱ ይህ ሆነ፤ እንጀራ አይጋገርም፣ ጠላ አይጠመቅም። እማሆይ ከጓሮአቸው ድንች ይቀቅላሉ፣ ቡናም ያፈላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትኩስ ድንች በአዋዜ ይመጣል። ቡና እየጠጣን እሳቸው “ያቺን ማገር አላላችኋት፣ እንደገና እሰሯት” እያሉ ያዙናል። ማዘዛቸው ደስ አለኝ። ቤቱ የሳቸው መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ይኸ ነገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሃቢታት ቤተሰቡ በጉልበቱ ይሥራ የሚለውም ለዚሁ ነው። ምንም ያልሰጠ ሰው መጠየቅም ማዘዝም ያፍራል፤ የተሰጠውን ዝም ብሎ ይቀበላል። ደቦ ድግስ የሚጠይቀውም በክፋት አይደለም፤ ጠሪው ተመጽዋች እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ጥሩ የበጎ ፈቃድ ሥራ ድግሱን ያስቀራል፣ ክብሩን ግን አያስቀርም። ባለቤቱ የሚችለውን ያህል፣ ድንችም ቢሆን፣ የሚሰጥበት በር ይተዋል።

ክረምት ወይስ በጋ?

አሁን ወደ ዋናው የሥራ ችግር እንምጣ። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በክረምት የሚደረገው ለምንድን ነው? ለቤቱ ስለሚመች አይደለም፤ ተማሪው የሚፈታው ክረምት ስለሆነ ነው። ለጭቃ ቤት ከክረምት የባሰ ጊዜ የለም። የተመረገው ግድግዳ አይደርቅም። ጭድ የሚገኘው እህል ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥና ጥር ወዲያ ነው። ለክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ገበሬው ሐምሌ ላይ እርሻው ላይ ነው፤ ለእርዳታ የሚተርፍ ሰው የለም። መንገዱም በዝናብ ይበላሻል፤ በተለይ ስማዳ ወገዳን አልፎ ወደ ቆላው ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የአገራችን ሰው ቤቱን የሚሠራው በበጋ ነው፤ ምክንያት አለው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ ያደረግነው ጥሩ መፍትሔ ይመስለኛል። በክረምቱ የሠራነው ጣራውንና እንጨቱን ብቻ ነው። አሮጌው ሣር ተነሥቶ፣ የበሰበሰው ወራጅ ተለውጦ ቆርቆሮ ተመታ። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ውስጡ ስለማይዘንብ አሮጌው ግድግዳ በጋን ይጠብቃል። ምርጊቱን በጥር ወር የመንደሩ ወጣቶች ሠሩት፤ ድግስ ሳይጠየቅ፣ በቄሱ ጥሪ። ማለትም ከውጭ የመጣው ሰው በአካባቢው የማይገኘውን አመጣ፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና አናጢ። በአካባቢው የሚገኘውን፣ ጭቃና ጉልበትን፣ ለአካባቢው ተወ።

ስለ ቆርቆሮ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘብ የሚሰበስቡ ክበባት ይጠቅማቸዋል። ቆርቆሮ በጌጅ ቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ብዙ ቤት ለመሸፈን ተብሎ ሳሳ ያለው ይገዛና ዜናው ያምራል፤ በሁለት ሦስት ዓመት ግን ይጎብጣል፣ ይቀደዳል። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ነፋሱ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ነቅሎ ይወስዳል። ስለዚህ አሥር ቤት በስስ ቆርቆሮ ከመሸፈን ስድስት ቤት በወፍራሙ መሸፈን፣ ክፍክፉንም አጥብቆ መምታት ይሻላል። ዜናው ግን “አሥር ቤት” ሲል ይደምቃል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ይህም ወደ ሙያችን ያመጣናል። የቤት እድሳት ዜና ስንሠራ ሁልጊዜ የምንጽፈው የቤቱን ብዛትና የመራቂውን ስም ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ እነዚህ ጥያቄዎች ቢጠየቁ እላለሁ።

አንደኛ፣ ቤታቸው የሚታደስላቸውን ሰዎች ማን መረጠ? መንገድ ዳር ያለ ቤት ብቻ ከሆነ ለካሜራ የተመረጠ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤቷ ምን ይሠራልኝ አለች? አንዳንዴ ሰው የሚፈልገው አዲስ ክፍል ሳይሆን የማያፈስ ጣራ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሠሪዎቹን ማን አበላ? መልሱ “ባለቤቷ” ወይም “ጎረቤት” ከሆነ የበጎ ፈቃዱ ወጪ ወደ ድሃው ዞሯል። አራተኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ ቤቱ እንዴት ሆነ? ይህንን ለመጠየቅ ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፤ ተመልሶ የሚሄድ ጋዜጠኛ ደግሞ እምብዛም የለም።

እውነቱን ለመናገር መሄዱም ራሱ ከብዷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን በተነሣው ግጭት ወጣት ሰብስቦ በመኪና ጭኖ ከወረዳ ወረዳ መውሰድ እንደ 2014ቱ ክረምት ቀላል አልሆነም። መንገድ ይዘጋል፤ ወጣት በቡድን ሲሄድ መታየቱም ያስጠረጥራል። እኛ ከተጓዝን በኋላ የዚያ ማኅበር ጉዞ ቀርቷል። ቤቶቹ ግን ሰላም እስኪወርድ ቆመው አይጠብቁም፤ ዝናቡ በየዓመቱ ይመጣል።

ለዚህ ነው በመጨረሻ ተስፋዬን ሩቅ ተጓዡ ላይ ሳይሆን ቅርብ ያለው ላይ የምጥለው። መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው የቄሱ ጥሪና የሰፈሩ ወጣት ነው። ደቦ ከድግሱ ቢላቀቅ፣ እያንዳንዱ በሶውን ይዞ ጎረቤቱ ዘንድ ቢሄድ፣ ጉዞው አይሱዙም መኪናም አይፈልግም፤ አንድ ቁልቁለት ወርዶ አንድ ዳገት መውጣት ነው። ቆርቆሮና ሚስማሩን ደግሞ ከተማ ያለነው እናዋጣ። በትምህርት ክፍላችን ከእነዚህ ሦስት አካባቢዎች የመጣን ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ለዚህ ዓመት መዋጮ ብንጀምር፣ ለአንድ ቤት ብቻ ቢሆንም፣ ወፍራሙን ቆርቆሮ እንግዛ። ሐሳብ ያላችሁ አነጋግሩኝ፤ ሁለተኛ ዓመት ክፍል ታገኙኛላችሁ።

ቸር ይግጠመን!